ስለ ርካሽ ታብሌትና ስለ ጓዙ

ባለፉት ጥቂት ዓመታት በብዙ ቤተ ሰብ ዘንድ አንድ አዲስ ጥያቄ ተነሥቷል፤ ይኸውም ለልጆች ትምህርት እንዲረዳ ታብሌት የሚባለውን ጠፍጣፋ መሣሪያ መግዛት ይገባል ወይስ አይገባም የሚለው ነው። ጥያቄው ከቅንጦት ብቻ የመጣ አይደለም። በ2015 ዓ.ም. አዲሱ ሥርዐተ ትምህርት ሥራ ላይ ሲውል የታተመው መጽሐፍ ለብዙ ተማሪዎች በጊዜው ሳይደርስ ቀርቶ፥ ልጆች መጽሐፋቸውን በስልክና በኮምፒዩተር በሚከፈት ቅጂ ያነቡ እንደ ነበር ወላጆች ያስታውሳሉ። በ2016 ዓ.ም. ደግሞ የ12ኛ ክፍል ብሔራዊ ፈተና በከፊል በኮምፒዩተር ተሰጠ። እንግዲህ በአባቱ አሮጌ ስልክ ላይ ገጹን በጣቱ እየገፋ የሚያጠና ልጅ ያለው ሰው፥ «ልጄ ከእኩዮቹ ወደ ኋላ ሊቀርብኝ ነውን?» ብሎ ቢጨነቅ የሚፈርድበት ማን ነው?

ነጋዴም ይህን ጭንቀት ያውቀዋል። በሐምሌ 2016 ዓ.ም. የብር ምንዛሪ በገበያ እንዲወሰን ከተደረገ ወዲህ ከውጭ የሚገባ ዕቃ ዋጋው ከፍ ስላለ፥ ገዢው በርካሹ ላይ ዓይኑን ይጥላል። በመርካቶና በመገናኛ ሱቆች መስታወት ውስጥ ተደርድረው ከምናያቸው ታብሌቶች መካከል ግን ርካሾቹ ብዙውን ጊዜ ብቻቸውን አይሸጡም፤ እንደ ሙሽራ ከነሚዜያቸው ነው የሚወጡት። ካርቶኑ ሲከፈት ባለቀለም ከቨር፥ ትንሽ ኪቦርድ፥ እስክሪብቶ፥ ኢርፎን፥ ሚሞሪ ካርድ፥ አንዳንድ ጊዜም የልጅ የእጅ ሰዓት ይወጣል። የገዢው ዓይን ከአንዱ ወደ ሌላው ሲዘዋወር ሻጩ፥ «ጋሼ፥ የሚከፍሉት የታብሌቱን ብቻ ነው፤ ሌላው ሁሉ ስጦታ ነው» ይላቸዋል።

ስጦታ የሚለው ቃል በአገራችን ከባድ ቃል ነው። ስጦታ የተቀበለ ሰው ያመሰግናል እንጂ ዕቃውን እያገላበጠ እንከን አይፈልግበትም፤ እንዲህ ማድረግ ነውር ይመስለዋል። የሻጩም ጥበብ በዚህ ላይ ነው። በስጦታ ስም የቀረበው ጓዝ ዋናውን ዕቃ ከምርመራ ይጋርደዋል።

በቤተ ክርስቲያን ትምህርት ያደጉ ሰዎች ይህን በሌላ መልኩ ያውቁታል። የብራና ዳዊት የሚገዛ ሰው ማኅደሩ በመልካም ስፌት የተሠራ፥ ማንገቻውም የጠነከረ ቢሆን ደስ ይለዋል፤ ነገር ግን በማኅደሩ ተማርኮ ገንዘቡን አይቈጥርም። አስቀድሞ ዳዊቱን ከማኅደሩ ያወጣና ቅጠሉን ወደ ብርሃን አቅንቶ ብራናው ያለ መጠን የሳሳ ወይም የተቀደደ እንዳይሆን፥ ቀለሙም የለቀቀ፥ ጥራዙም የላላ እንዳይሆን ይመረምራል። ታብሌትንም እንዲሁ ከማኅደሩ አውጥቶ ማየት ያስፈልጋል።

የርካሽ ታብሌት ታሪክ ረጅም ባይሆንም የሚያስተምረን ነገር አለው። በመስከረም 2004 ዓ.ም. የሕንድ መንግሥት «አካሽ» የተባለ ባለ 7 ኢንች ታብሌት ለተማሪዎች እንዲሆን አስመረቀ፤ የስሙ ትርጓሜ ሰማይ ማለት ነው። በመንግሥት ድጎማ ለተማሪው በ35 ዶላር ያህል እንዲደርስ ታስቦ ስለ ነበር ዜናው በዓለም ሁሉ ተሰማ። ነገር ግን ራም የሚባለው የሥራ ማኅደረ ትውስታ 256 ሜጋባይት ብቻ፥ ስክሪኑም በጣት ሲጫኑት እንጂ ሲነኩት የማይሠራ ዐይነት ስለ ነበር፥ የመሣሪያው ዝግታና የባትሪው ቶሎ ማለቅ ብዙ ቅሬታ አስነሣ። በሚከተለው ዓመት በወጣው ሁለተኛው አካሽ ስክሪኑም ራሙም መለወጥ ነበረባቸው።

ከዚህ ይልቅ ለጉዳያችን የሚቀርበው የአሜሪካው ነው። በመስከረም 2008 ዓ.ም. አማዞን የተባለው ኩባንያ «ፋየር» የሚለውን ባለ 7 ኢንች ታብሌት በ49 ዶላር ከ99 ሳንቲም ለገበያ አቀረበ። ዋጋው ለምን እንደ ወረደ ኩባንያው አልደበቀም፤ ስክሪኑ በተከፈተ ቍጥር ማስታወቂያ ይታይበታል፤ ማስታወቂያው እንዲቀርለት የፈለገ 15 ዶላር ይጨምራል። በዚያው ወቅት ለልጆች የተዘጋጀው እትም በ99 ዶላር ከ99 ሳንቲም ይሸጥ ነበር። ውስጡ ያለው ታብሌት ያው ነው። በ50 ዶላሩ ልዩነት ገዢው የሚያገኘው ወፍራም ከቨር፥ የማስታወቂያውን መቅረት፥ የአንድ ዓመት የልጆች መጻሕፍትና ቪዲዮ አገልግሎት፥ እንዲሁም ልጁ ቢሰብረው በሁለት ዓመት ውስጥ የሚተካበት ዋስትና ነበር። ይህ የጓዝ ሽያጭ ነው፤ ነገር ግን እያንዳንዱ ነገር ለብቻው ሊመዘን ስለሚችል ሐቀኛ ሽያጭ ነው። በዚያ አገር ለሚኖር ወላጅ፥ ልጅ መሣሪያ መጣሉ የማይቀር ነውና፥ ዋስትናው ብቻውን ልዩነቱን ይክስለታል።

ይህንኑ ካርቶን አንድ ዘመድ ከዋሽንግተን በሻንጣው ይዞ አዲስ አበባ ቢገባ ግን ሒሳቡ ይለወጣል። የዋስትናው መተኪያ የሚገኘው በተሸጠበት አገር ነው፤ የዓመቱ አገልግሎት በእንግሊዝኛ የተዘጋጀና ብዙ ኢንተርኔት የሚበላ ነው፤ የቻርጀሩም ጥርስ ጠፍጣፋ ስለ ሆነ ከእኛ ክብ ቀዳዳ ሶኬት ጋር ያለ አስማሚ አይገጥምም። ከ50 ዶላሩ እኛ ዘንድ የሚደርሰው ከቨሩና የማስታወቂያው መቅረት ብቻ ነው ማለት ነው። ስለዚህ በውጭ አገር ያላችሁ አንባብያን ለእኅት ወንድም ልጆች ስታስቡ፥ በጓዙ ላይ የምታወጡትን ገንዘብ በታብሌቱ ጥራት ላይ ብትጨምሩት የበለጠ ትረዷቸዋላችሁ እንላለን።

አሁን ወደ መሣሪያው እንግባ። አስቀድሞ መታየት ያለበት ስክሪኑ ነው፤ ይህም ለእኛ ፊደል የተለየ ምክንያት አለው። የላቲን ፊደል ቢደበዝዝም በግምት ይነበባል። የእኛ ፊደል ግን ካዕቡን ከሣልሱ የሚለየው አንዲት ትንሽ ቅጥል ናት፤ በሱ እና በሲ፥ በቡ እና በቢ መካከል ያለው ልዩነት ቅጥሏ ከወገብ ላይ ወይም ከእግር ሥር መሆኗ ብቻ ነው። ስክሪኑ ሻካራ ከሆነ ይህች ቅጥል ትጠፋለች፤ የሚያነብ ልጅም ይሳሳታል ወይም ዓይኑን ያደክማል። በ10 ኢንች ርካሽ ታብሌቶች ላይ ብዙ ጊዜ የሚገኘው 1280 በ800 ነጥብ ሲሆን፥ ይህ በአንድ ኢንች ውስጥ 150 ነጥብ ያህል ነው። 1920 በ1200 የሆነው ግን በኢንች 224 ያህል ይደርሳል። በቍጥሩ የማይተማመን ሰው የአማርኛ መጽሐፍ ገጽ በሙሉ ስፋቱ አስከፍቶ፥ ሳያጐላው፥ ክንድ ያህል አርቆ ያንብበው። ከጎን ሆኖም ይመልከተው፤ ቀለሙ የሚገለበጥ ወይም የሚጠቁር ከሆነ ሁለት ልጆች ጎን ለጎን ተቀምጠው ሊያጠኑበት አይችሉም።

ቀጥሎ ያለው የራምና የማከማቻው ነገር ነው፤ ማታለልም የሚበዛው በዚህ ላይ ነው። ራም እንደ አትሮንስ ነው፤ የሚነበበው መጽሐፍ ተዘርግቶ የሚቀመጥበት ነው። ማከማቻው ግን እንደ ዕቃ ቤት ነው፤ መጻሕፍቱ ሁሉ ተጠብቀው የሚኖሩበት ነው። ዕቃ ቤቱ ቢሰፋ አትሮንሱ አይሰፋም። አንዳንድ ካርቶን ላይ «12 ጂቢ ራም» ተብሎ በትልቁ ይጻፍና ከሥሩ በደቃቅ ጽሕፈት 4 ሲደመር 8 ተብሎ ይገኛል። እውነተኛው ራም 4ቱ ብቻ ነው፤ 8ቱ ከማከማቻው ተበድሮ እንደ ራም የሚያገለግል ስለ ሆነ በፍጥነት ከእውነተኛው ጋር አይወዳደርም። ጉግል እ.ኤ.አ. በ2022 በወጣው አንድሮይድ 13 ለአዲስ መሣሪያ የሚፈቀደውን ዝቅተኛ ራም 2 ጂቢ አድርጎታል። ይህ ግን ለመኖር የሚበቃ እንጂ ለመሥራት የሚመች አይደለም። እኛ በትምህርት ቤት እንዳየነው ከሆነ መጽሐፍ ለማንበብ ብቻ 2 ወይም 3 ጂቢ ይቻላል፤ መጽሐፍ ከፍቶ፥ መዝገበ ቃላት አይቶ፥ ቪዲዮ ተመልክቶ ወደ መጽሐፉ ለሚመለስ ተማሪ ግን ከእውነተኛ 4 ጂቢ በታች የሆነውን አንመክርም። ማከማቻውም 32 ጂቢ ተብሎ ቢጻፍ፥ ከዚያ ላይ መሣሪያው ለራሱ የሚይዘው ቀላል አይደለም።

መሣሪያው ስለ ራሱ የሚናገረው ቍጥር እንኳ ሁልጊዜ አይታመንም፤ በማስተካከያው ገጽ ላይ የሐሰት ቍጥር እንዲያሳዩ ተደርገው የተሠሩ አሉና። ሦስት ነገሮችን በተከታታይ ከፍቶ ወደ መጀመሪያው መመለስ፥ ካርታና ሥዕል የበዛበትን የመጽሐፍ ገጽ ወደ ታችና ወደ ላይ መሳብ ከቍጥር ይልቅ እውነቱን ይናገራል።

እንግዲህ ጓዙን አንድ በአንድ እንመዝን። ብዙ ሰው የማይመለከተው፥ ከሁሉ ግን የሚበልጠው ቻርጀሩ ነው። 6000 ሚሊአምፒር ሰዓት የሚይዝ ባትሪ በ3.7 ቮልት ሲባዛ 22 ዋት ሰዓት ያህል ኀይል ይይዛል። በካርቶኑ ውስጥ ያለው ቻርጀር 5 ቮልት በ1 አምፒር ከሆነ የሚሰጠው 5 ዋት ብቻ ስለ ሆነ፥ ባዶውን ባትሪ ለመሙላት ቢያንስ አራት ሰዓት ተኩል ይፈልጋል፤ ባለ 2 አምፒር ቢሆን በግማሹ ይበቃዋል። መብራት ማታ ለሁለት ሰዓት ብቻ መጥቶ በሚሄድበት ሰፈር ይህ ልዩነት ልጁ አጥንቶ ማደሩንና ሳያጠና ማደሩን ይወስናል። ጽሑፉ በቻርጀሩ ጀርባ ላይ በደቃቁ ስለ ተጻፈ መነጽር ይዞ መሄድ አይከፋም። እ.ኤ.አ. በ2012 «አንድ ላፕቶፕ ለአንድ ልጅ» የተባለው ድርጅት በወንጪና በወለንጪቲ አካባቢ ትምህርት ቤት ላላገኙ ሕፃናት ታብሌት ሲያድል፥ አብሮ ያደለው በፀሐይ ብርሃን የሚሞላ ቻርጀር ነበር፤ አዋቂዎችም አጠቃቀሙን ተምረው ነበር። ያንን ጓዝ የመረጠ ሰው አገሩን ያጤነ ነው።

የመሰኪያውም ዐይነት መታየት አለበት። ከታኅሣሥ 2017 ዓ.ም. ጀምሮ የአውሮጳ ኅብረት በአባል አገሮቹ ለሚሸጡ አዳዲስ ታብሌቶች ዩኤስቢ ሲ የሚባለውን መሰኪያ ግዴታ አድርጎታል። ዛሬም በአሮጌው ቀጭን መሰኪያ የሚሸጥ ታብሌት ምናልባት ዘመን ያለፈበት ክምችት ነውና፥ ባትሪውም በመጋዘን ስንት ዓመት እንደ ቈየ መጠየቅ ይገባል። ጀርባው ያበጠ፥ በጠረጴዛ ላይ ሲያስቀምጡት የሚወዛወዝ ከሆነ በነፃም ቢሰጥ ወደ ቤት አይግባ፤ ያበጠ የሊቲየም ባትሪ እሳት ሊያስነሣ ይችላል።

ኪቦርዱ ገዢን የሚማርክ ነው፤ ታብሌቱን ኮምፒዩተር ያስመስለዋልና። ነገር ግን በገመድ የሚሠራው ኪቦርድ የታብሌቱን ብቸኛ ቀዳዳ ስለሚይዘው፥ እየጻፉ ባትሪ መሙላት አይቻልም። ቁልፎቹ ላይ ያለው የላቲን ፊደል ስለ ሆነም፥ በስክሪኑ ላይ አማርኛ የሚጽፈው ልጅ በኪቦርዱም እንደሚጽፍ እርግጠኛ መሆን የሚቻለው እዚያው ሱቁ ውስጥ አንድ ሙሉ ዐረፍተ ነገር በአማርኛ በማስጻፍ ነው። እስክሪብቶውም ጫፉ ጎማ የሆነ ከሆነ ከጣት የተለየ ሥራ የለውም። ኢርፎኑ ይሰማል፤ ስለ እርሱ ከዚህ በላይ የምንለው የለንም።

ሚሞሪ ካርዱ ግን ያስጠነቅቀናል። 64 ጂቢ ተብሎ ተጽፎበት በውስጡ 8 ብቻ የሆነ ካርድ በዓለም ገበያ የታወቀ ማጭበርበር ነው። እንዲህ ያለው ካርድ ሲቀበል እንቢ አይልም፤ ሁሉን ተቀበልሁ ይላል፤ በኋላ ግን ፋይሎቹ ሲከፈቱ የተበላሹ ሆነው ይገኛሉ። የልጅ ክርስትና ፎቶግራፍ በእንደዚህ ያለ ካርድ ላይ የጠፋበትን ቤተ ሰብ እናውቃለን። ካርዱን በትልልቅ ቪዲዮዎች እስኪሞላ ሞልቶ፥ ከዚያ በፊት የገቡትን መልሶ እየከፈቱ ማየት ነው መፈተኛው፤ እስኪፈተን ድረስ ዋጋው እንደ ዜሮ ይቈጠር።

ባለፈው ዓመት ከተማሪዎቻችን የአንዱ እናት እቁብ ወጥቶላቸው ምክር ሊጠይቁ መጡ። ባላቸውን በሞት ያጡ፥ ሁለት ልጆች የሚያሳድጉ፥ ያንንም ብር ለማግኘት ወር ቈጥረው የጠበቁ ሴት ናቸው። አስቀድመው አይተው የወደዱት ኪቦርድና ሰዓት ያለበትን ጓዝ ነበር። አብረናቸው ሄድን። በልጃቸው ስልክ ላይ የነበረውን የ8ኛ ክፍል መጽሐፍ ወደ ታብሌቱ አስገቡና ካርታ ያለበትን ገጽ አስከፈቱ፤ ገጹም ግማሹ ነጭ ሆኖ ቈየ። ሻጩ፥ «እናቴ፥ ኢንተርኔቱ ነው» አላቸው፤ ነገር ግን ያ መጽሐፍ ኢንተርኔት አይፈልግም ነበር። ሴትዮዋ ጥቂት ዝም ብለው ከቈዩ በኋላ፥ «ልጄ፥ ያለ ኪቦርዱና ያለ ሰዓቱ፥ ያለ ሌላውም ጓዝ ታብሌቱ ብቻውን ስንት ነው?» ብለው ጠየቁት። እርሱም ብዙ አስቦ 800 ብር ቀነሰላቸው። በዚህ አንድ ጥያቄ የስጦታው ሁሉ ዋጋ በሻጩ በራሱ አፍ ታወቀ። ከሦስት ሱቅ በኋላ ጥቂት ብር ጨምረው ስጦታ የሌለውን፥ እውነተኛ 4 ጂቢ ራም ያለውን ገዙ፤ ከቨሩንም ከደጅ ካለው ሻጭ ወሰዱ። ልጁ እስከ ዛሬ ያጠናበታል። እኅቱ ግን ሰዓቱ ስለ ቀረባት አንድ ሳምንት ሙሉ አኵርፋ እንደ ነበር ሰምተናል።

እኚህ እናት ሌላም ብልህ ነገር አድርገዋል። ከመግዛታቸው በፊት ወደ ጥገና ሠሪ ሄደው የዚያ ታብሌት ስክሪን ቢሰበር የሚተካ ይገኝ እንደ ሆነ ጠይቀዋል። ስም የሌለው ታብሌት ትልቁ ጉዳቱ ይህ ነው፤ አንድ ጊዜ ሲወድቅ ከነሙሉ ዋጋው ይሞታል። በሰፈሩ የሚታወቅ ስም ያለው፥ ጥቂት ያገለገለ እንኳ ቢሆን፥ መለዋወጫው ከተገኘ ከአዲሱ ባለጓዝ ሊሻል ይችላል።

በዓይን የማይታየውንም አንዘንጋ። አንድሮይድ 10 የወጣው እ.ኤ.አ. በ2019፥ አንድሮይድ 14 በ2023፥ አንድሮይድ 15 በ2024 ነው። ዛሬ በአዲስነት የሚሸጥ ታብሌት በ10 ላይ ቆሞ ከተገኘ፥ የደኅንነት ማሻሻያ የሚያደርግለት አይኖርምና ለክፉዎች በሩ ክፍት ነው። እ.ኤ.አ. በ2023 ኤሌክትሮኒክ ፍሮንቲየር ፋውንዴሽን የተባለው የአሜሪካ ማኅበር ለልጆች ተብሎ በርካሽ የሚሸጥ አንድ ታብሌት መርምሮ፥ ገና ከካርቶኑ ሲወጣ የጎጂ ፕሮግራም ምልክት እንደ ተገኘበት አስታውቋል። ይህን በከፊል ለመለየት የፕሌይ ስቶርን ማስተካከያ ከፍቶ ስለ መደብሩ በሚናገረው ክፍል መሣሪያው በፕሌይ ፕሮቴክት የተመሰከረለት መሆኑን ማየት ይቻላል። ካልተመሰከረለት የልጅ ስም፥ የልጅ ድምፅና ፎቶግራፍ በእርሱ ላይ እንዲቀመጥ አንፈቅድም። የተመሰከረለትም ቢሆን ቦታው ቤተ ሰቡ ሁሉ በሚቀመጥበት ክፍል ቢሆን፥ ሌሊትም በወላጆች ዘንድ ቢያድር መልካም ይመስለናል።

የቀረው የደረሰኙ ነገር ነው። ብዙ ሱቅ «የአንድ ወር ዋስትና» ይላል፤ ዋስትናው ግን ለታብሌቱ ይሁን ለቻርጀሩ ጭምር፥ ቢበላሽ የሚጠገን ይሁን የሚለወጥ በቃል ብቻ ይቀራል። በደረሰኙ ላይ የታብሌቱ መለያ ቍጥር፥ የእውነተኛው ራም መጠን፥ ያልተስማማ ቢሆን በስንት ቀን ውስጥ እንደሚመለስ በጽሑፍ ይስፈር። ሦስት ቀን ይበቃል፤ በእነዚያ ሦስት ቀናት ባትሪው ከሙሉ እስከ ባዶ ሁለት ጊዜ ይፈተናል፥ ሚሞሪ ካርዱም ይሞላል፥ ልጁም የመጽሐፉን ምዕራፍ ያነብበታል። ሻጩ ይህን ለመጻፍ ካልወደደ ገንዘቡን ወደ ኪስ መልሶ ወደሚቀጥለው ሱቅ መሄድ ነው፤ በመርካቶ ያለው ርቀት ጥቂት እርምጃ ብቻ ነውና።